ነዳጅ ሲሰጠው አንዱ ሲሊንደር የሚሞትበት የጀልባ ሞተር፦ የብልጭታ ችግርን በቅደም ተከተል ስለመፈለግ

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ገዳማትና ወደ ክብራን ገብርኤል መንገደኛና ጎብኚ በማመላለስ ሥራ ዓመታት አሳልፌአለሁ። የምሠራበት ሞተር 40 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ቤንዚንና ዘይት ተደባልቆ የሚሰጠው አሮጌ አውትቦርድ፣ ማለትም ከጀልባው ኋላ በውጭ በኩል የሚታሰር ሞተር ነው። ይህን የምጽፈው ባለፈው ዓመት ከመስከረም እስከ ኅዳር ያንገላታኝን ብልሽት በመጨረሻ እንዴት እንዳገኘሁት ለማስረዳት ነው። በጣናም ሆነ በሐዋሳ፣ በዝዋይም ሆነ በጫሞ ላይ ተመሳሳይ ሞተር ይዘው እንጀራቸውን የሚያበስሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እኔ ያባከንኩትን ጊዜና ገንዘብ እነሱም እንዲያባክኑ አልፈልግም።

የብልሽቱ ጠባይ እንዲህ ነበር። ጠዋት ሞተሩ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ጉተታ ይነሳል፤ በዝግታ ስሄድ ድምፁ የተስተካከለ ነው። ሰው ጭኜ ከወደቡ ራቅ ካልኩ በኋላ ነዳጁን እስከ ጫፍ ስሰጠው ግን ለጥቂት ጊዜ በደንብ ይገፋና ድንገት ድምፁ ይወፍራል፤ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ ቀና ብላ ስትሄድ የነበረችው ጀልባም ግማሽ ጉልበቷን አጥታ ውኃው ላይ ትተኛለች። ነዳጁን ስቀንስለት ወዲያው ይመለሳል፤ ስጨምርለት እንደገና ይጠፋል። ጣና ላይ የሠራ ሰው እንደሚያውቀው ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፣ ማዕበሉም ይከብዳል፤ በዚያ ሰዓት አሥር ሰው ይዞ በግማሽ ሞተር ወደ ወደብ መመለስ ቀልድ አይደለም።

ጉልበቱ የሚጠፋው ነዳጅ ሲጨመር በመሆኑ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ነዳጁን ነበር። ቤንዚንና አየር የሚደባልቀውን ካርቡራተር ሁለት ጊዜ ፈትቼ አጸዳሁ፤ ማጣሪያውን ቀየርኩ፤ የታንኩን ቤንዚን ደፍቼ አዲስ ሞላሁ። ለውጥ ሳይኖር ሲቀር በሲሊንደሮቹ ውስጥ ብልጭታ የሚሰጡትን ሁለቱንም ካንዴላዎች በአዲስ ተካሁ። በመጨረሻም አንድ የመለዋወጫ ነጋዴ «እንዲህ ያለ ጠባይ ያለው ሞተር ሲዲአዩ ሄዷል ማለት ነው» ብሎ ስላረጋገጠልኝ ከሦስት ሳምንት ገቢዬ በላይ አውጥቼ ያገለገለ የሲዲአይ ሳጥን፣ ማለትም ብልጭታውን የሚያዝዘውን የኤሌክትሪክ ሳጥን ገዛሁ። ሳጥኑን ባሰርኩበት ዕለት ሞተሩ ልክ እንደ ቀድሞው በዚያው ቦታ ጉልበቱን ጣለ።

ያን ጊዜ ወደብ አካባቢ የሚሠሩ አንድ አንጋፋ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። ያደረግሁትን ሁሉ በዝርዝር ስነግራቸው በትዕግሥት አዳመጡኝና፣

«የሚሞተው የትኛው ሲሊንደር ነው? የላይኛው ነው የታችኛው?» አሉኝ።

«አላወቅሁም ጋሼ» አልኳቸው።

«ታዲያ የቱ እንደታመመ ሳታውቅ ለማን ነው መድኃኒት የገዛኸው?»

ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሁሉ ከዚህ ጥያቄ የተነሳ ነው። እኔም አሁን ለሚጠይቀኝ ሰው በመጀመሪያ የማነሳው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

ወደ ፍተሻው ከመግባቴ በፊት ብልጭታው እንዴት እንደሚፈጠር በአጭሩ ልግለጽ፤ ይህን ያልተረዳ ሰው የፍተሻውን ቅደም ተከተል ሊረዳ አይችልምና። በዚህ ዓይነት ሞተር ላይ ብልጭታው ባትሪ አያስፈልገውም። ከሞተሩ አናት ላይ የሚዞረው ከባድ ጎማ መሰል ብረት፣ ቮላኖው፣ ውስጠኛ ዙሪያው ላይ ማግኔቶች ተለጥፈዋል፤ ቮላኖው ሲዞር እነዚህ ማግኔቶች ከሥሩ ባለው ትልቅ ጥቅልል ሽቦ ላይ ከመቶ ቮልት በላይ የሚደርስ ኃይል ያመነጫሉ፣ ያም ኃይል ሲዲአይ በሚባለው ሳጥን ውስጥ ይጠራቀማል። ከትልቁ ጥቅልል ጎን ፐልሰር የሚባሉ ትንንሽ ጥቅልሎች አሉ፤ በእኔ ሞተር ላይ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ ፐልሰር ተመድቧል። የፐልሰሩ ሥራ ፒስተኑ ከጫፍ ሊደርስ ሲል ለሳጥኑ «አሁን ልቀቅ» የሚል ምልክት መስጠት ነው። ሳጥኑ ያጠራቀመውን በአንድ ጊዜ ወደ ቦቢናው ይለቃል፤ ቦቢናው ወደ አሥር ሺዎች ቮልት ከፍ ያደርገዋል፤ ካንዴላው ጫፍ ላይም ብልጭታ ይሆናል። ማጥፊያው በአንጻሩ የሚሠራው ኃይሉን ወደ ማሳ፣ ማለትም ወደ ሞተሩ የብረት አካል፣ በማውረድ ነው። ስለዚህ የማጥፊያው ሽቦ በየትኛውም ቦታ ተልጦ የሞተሩን አካል ከነካ፣ ወይም ነጂው ላይ የሚታሰረውና ሲነቀል ሞተሩን የሚያጠፋው የነፍስ አድን ገመድ ቁልፍ ከቦታው ከወጣ፣ ሌላው ሁሉ ጤነኛ ቢሆንም ብልጭታ አይኖርም።

የትኛው ሲሊንደር እንደሚሞት ለማወቅ ብዙዎቻችን ሞተሩ እየሠራ የካንዴላውን ሽቦ እንነቅላለን። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ኃይሉ መውጫ ሲያጣ የቦቢናውን መከላከያ ወይም ሳጥኑን ራሱን ሰብሮ ሊሄድ ይችላል፤ በእርጥብ እጅ፣ ጀልባው ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ ላይ ቆሞ የነካው ሰውም የሚደርስበት ንዝረት የዋዛ አይደለም፣ በተለይ ልብ ሕመም ላለበት ሰው። መካኒኩ ያሳዩኝ ዘዴ ከዚህ የተሻለ ነው። ሰው ሳንጭን ወደ ጥልቁ ወጣን፤ ሁለታችንም ቁጭ ብለን፣ ጀልባዋ ድንገት ስትቆም እንዳንወድቅ ጎኑን ይዘን፣ ነዳጁን እስከ ጫፍ ሰጠሁት። ጉልበቱ እንደጠፋ ነዳጁን ሳልቀንስ በነፍስ አድን ገመዱ አጠፋሁት። ነዳጁ ተቀንሶ በዝግታ እንዲሠራ ከተተወ የሞተው ሲሊንደር ስለሚያገግም ማስረጃው ይጠፋል። ከዚያ ሁለቱንም ካንዴላዎች ፈታን። የላይኛው ደረቅና ቡናማ ነበር። የታችኛው ግን በቤንዚንና በዘይት የራሰ፣ ጫፉ ላይ ጠብታ የቋጠረ ነበር፤ በጣቴ ስነካው ገና ያልነደደው ቅልቅል ጣቴን አራሰው።

ያቺ ጠብታ የሁለት ወር ክርክር ዘጋችልኝ። የታችኛው ሲሊንደር ቤንዚን ይደርሰዋል፤ የጎደለው እሳት ነው። ችግሩ ከነዳጅ ቢሆን ኖሮ ካንዴላው ደርቆና ነጣ ብሎ ይገኝ ነበር። ሌላም መለያ አለ፤ የነዳጅ እጥረት ሞተሩን ቀስ በቀስ ያደክመዋል፣ በቱቦው ላይ ያለችውን የላስቲክ ፓምፕ በእጅ ስትጨብጧትም ያገግማል። የብልጭታ መቋረጥ ግን እንደ መብራት ድርግም ይላል፤ ፓምፗን ብትጨብጧት ባትጨብጧት ለውጥ የለውም።

በነገራችን ላይ የጣና ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ የካንዴላ ቀለም ስናነብ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። አየሩ ስስ ነው፤ ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይሰጣል፤ ስለዚህ የእኛ ካንዴላዎች ጤነኛ ሞተር ላይ እንኳ ጠቆር ያሉ ናቸው። መታየት ያለበት የሁለቱ ልዩነት ነው። ሁለቱም ጥቀርሻ ከለበሱ ወደ ቅልቅሉና ወደ ካርቡራተሩ እሄዳለሁ፤ አንዱ ብቻ ከራሰ ወደ ብልጭታው። በሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀውን አየር ግፊት የሚያሳየው የኮምፕሬሽን መለኪያም እንደዚሁ ነው፤ እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያንስ መመሪያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አናገኝም። ሁለቱ ሲሊንደሮች ተቀራራቢ ቁጥር ካሳዩ ይበቃል። እኛም ወደ ኤሌክትሪኩ ከመሄዳችን በፊት ለካን፤ የሁለቱ ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ፒስተኑ ወይም ቀለበቱ ባረጀ ሞተር ላይ ሽቦ መፈለግ ከንቱ ድካም ስለሆነ ይህን ልኬት መዝለል አይገባም።

ወደብ ላይ ከተመለስን በኋላ ገንዘብ በማይጠይቀው ፍተሻ ጀመርን። መጀመሪያ የላይኛውን ካንዴላ ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ አዛውረን ሞከርን፤ የሞተው አሁንም የታችኛው ነበር፤ ስለዚህ ካንዴላው ነጻ ወጣ። ቀጥሎ ሁለቱን ቦቢናዎች አዛወርናቸው፤ ሽቦዎቹ እንዳይምታቱ በናስትሮ ላይ ቁጥር ጽፈን ለጥፈን ነበር። ቦቢናዎቹን ስንፈታ አንደኛው ከሞተሩ አካል ጋር የሚነካካበት ቦታ ዝጎ ስላገኘነው ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት አሸነው፤ የላላ ወይም የዛገ ማሳ ብቻውን ይህን ሁሉ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። ሞከርነው። አሁንም የታችኛው ሞተ። ቦቢናውም ማሳውም ነጻ ወጡ ማለት ነው። ማጥፊያው ደግሞ ቢበላሽ ሁለቱንም ሲሊንደሮች ስለሚገድል አንዱን ብቻ መርጦ አይነካም፤ የቀሩት ሳጥኑ፣ የታችኛው ፐልሰርና በመካከላቸው ያሉት ሽቦዎች ናቸው። ሳጥኑን ቀደም ብዬ ስለለወጥኩ፣ ሁለት የተለያዩ ሳጥኖችም በአንድ ዓይነት ሁኔታ ይበላሻሉ ብሎ ማሰብ ስለሚያስቸግር፣ የተጠርጣሪው ቁጥር ወደ ፐልሰሩና ወደ ሽቦዎቹ ወረደ። ካንዴላንና ቦቢናን ለማዘዋወር አንድ ቁልፍና አንድ ካቻቢቴ ይበቃል፤ ሁለት ሲሊንደር ያለው ሰው ሁልጊዜ ማነጻጸሪያው በእጁ ነው።

ብዙዎች ካንዴላውን ፈትተው የሞተሩ አካል ላይ አስደግፈው ገመዱን ይስቡና ብልጭታ ስላዩ ብቻ «እሳት አለው» ይላሉ። እኔም ያንኑ አድርጌ ተታልያለሁ። ክፍት አየር ላይ ያለ ካንዴላ ደካማ ኃይልም ይበቃዋል፤ በሲሊንደሩ ውስጥ በታመቀ አየር መካከል ለመዝለል ግን ብልጭታው እጅግ የበለጠ ቮልት ይፈልጋል፤ ነዳጁ ሙሉ በሙሉ ሲከፈትና ሲሊንደሩ በደንብ ሲሞላ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ስለዚህ ክፍተቱ ሰፋ ያለ መፈተሻ ያስፈልጋል። ለሲዲአይ ሞተሮች የተለመደው 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ያን ዘልሎ ሰማያዊና ጠንካራ ሆኖ የሚታይ ብልጭታ እምነት ይጣልበታል። ፍተሻው ሲደረግ የነዳጅ ቱቦው ከሞተሩ መነቀል አለበት፤ ብልጭታውም ከካንዴላው ቀዳዳ መራቅ አለበት፤ በቀዳዳው የሚወጣው የቤንዚን ትነት ይቀጣጠላልና። የእኔ ሞተር በዚህ ፍተሻ ላይ ሁለቱም ሽቦዎች ጥሩ ብልጭታ ሰጥተው ነበር፤ ምክንያቱ ደግሞ በኋላ እንደታየው ገመድ ስንስብ የነዳጁ እጀታ ዝግ መሆኑ ነው።

ብልሽቱ የተገኘው በተራ ቴስተር፣ በኤሌክትሪክ መለኪያ ነው። የፐልሰሮቹን ሶኬት ከሳጥኑ ነቀልንና ቴስተሩን ኦም ላይ፣ ማለትም የሽቦ ተቃውሞ በሚለካበት ላይ አድርገን ለካን። የላይኛው 340 አካባቢ አሳየ፤ የታችኛውም 350። እኔ ይህን ሳይ ተስፋ ቆረጥኩ፤ መካኒኩ ግን ቴስተሩን እንዳልነቅል አዘዙኝ። «ብልሽቱ የሚመጣው ነዳጅ ሲሰጠው አይደል? እንግዲያው ስጠው» አሉኝ። ማርሽ ሳይገባ የነዳጁ እጀታ እስከ ጫፍ ስለማይዞር የካንዴላዎቹን ሽቦዎች ከነቀልን በኋላ ፕሮፔለሩን በእጅ እያዞርኩ ማርሹን ወደ ፊት አስገባሁት። ከዚያ እጀታውን ቀስ እያልኩ አዞርኩ። ግማሽ ድረስ ቁጥሩ አልተነቃነቀም፤ 350፣ 350፣ 351። ከሦስት አራተኛው እንዳለፈ ቁጥሩ መዝለል ጀመረ፤ ጫፍ ሲደርስም ቁጥሩ ሁሉ ጠፍቶ በመስኮቱ ግራ ጥግ ላይ አንዲት «1» ብቻ ቀረች፤ መስመሩ ተቆርጧል ማለት ነው። እጀታውን ስመልሰው 350 ተመለሰ። አምስት ጊዜ ደጋገምነው፤ አምስቱንም ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ተቆረጠ።

ምክንያቱ ይህ ነው። በብዙ አሮጌ አውትቦርዶች ላይ ፐልሰሮቹ የተቀመጡበት ሳህን እንደ ካርቡራተሩ በነዳጁ እጀታ የሚዞር ነው፤ ፍጥነት ሲጨምር ብልጭታው ቀደም ብሎ እንዲመጣ የሚደረገው በዚህ መንገድ ነው። ከሳህኑ የሚወጡት ሽቦዎችም ነዳጅ በተሰጠ ቁጥር ይጎተታሉ፣ ሲቀነስ ይላላሉ። በዓመታት ውስጥ ሽቦዎቹ በሚታጠፉበት ማጠፊያ ላይ የላስቲኩ ልባስ ደህና መስሎ እያለ ውስጡ ያለው መዳብ ይበጠሳል። ሳህኑ ወደ ዝግታ ሲመለስ የተበጠሱት ጫፎች ይገጥማሉ፤ ሲጎተቱ ይለያያሉ። አሮጌ ሞተር ያለው ሰው ሁሉ ካንዴላ ከለወጠ በኋላ ቀጥሎ ማየት ያለበት ይህን ማጠፊያ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቮላኖውን ያወጣነው በመንቀያ ነው። በመዶሻ መምታት ማግኔቶቹን ሊያስለቅቅ ወይም ሊሰነጥቅ ይችላል። ቮላኖውን በቦታው የምትይዘውን ትንሿን የብረት ቁራጭም አየናት፤ እሷ ከተቆረጠች ወይም ከተጣመመች ብልጭታው ቢኖርም ሰዓቱን ይስታል። የእኔ ደህና ነበረች። የታችኛውን ፐልሰር ሽቦ ከልባሱ ላይ ስጫነው አንድ ቦታ ላይ እንደ ክር ልፍስፍስ አለ፤ ልባሱን በምላጭ ስገልጠው አረንጓዴ ዝገት የለበሱ የመዳብ ክሮች ተበጣጥሰው ሁለት ብቻ ሲነካኩ አገኘኋቸው። የተበላሸውን ቆርጬ ብዙ ቀጫጭን ክሮች ባሉት ለስላሳ ሽቦ ተካሁት፤ መጋጠሚያዎቹን በሊድ በየድኩ፤ በላያቸውም ሲሞቅ የሚኮማተር የፕላስቲክ ቱቦ አለበስኩ። መጋጠሚያው ከማጠፊያው እንዲርቅ አደረግሁ፤ ሽቦው ሳህኑ ጫፍ ሲደርስ እንኳ እንዳይወጠር ላላ ያለ ቅስት ሰጥቼ በሁለት ቦታ አሰርኩት፣ ሲዞር ግን ቮላኖውን እንዳይነካ አረጋገጥኩ። የላይኛው ፐልሰር ሽቦ እኩል ዕድሜ ስላለው እሱንም አብሬ ቀየርኩ። ጠቅላላ ወጪው ለሳጥኑ ካወጣሁት ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው ማለት ይቻላል። በማግስቱ ሙሉ ነዳጅ ሰጥቼ ዘጌ ደርሼ ተመለስኩ፤ የታችኛው ካንዴላ ደረቅ ነበር።

ሳጥኑን ለመግዛት ለሚያስብ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። የሲዲአይ ሳጥንን በተራ ቴስተር አረጋግጦ «ሞቷል» ማለት አይቻልም፤ የሚለቀው ኃይል እጅግ አጭር ስለሆነ የጫፉን ቮልት የሚይዝ ልዩ መለኪያ ይፈልጋል። ያ መለኪያ በሌለበት ሳጥኑ የሚፈረድበት ካንዴላው፣ ቦቢናው፣ ማሳው፣ ማጥፊያው፣ ኃይል አመንጪው ጥቅልልና ፐልሰሩ ሁሉ ተፈትሸው ነጻ ከወጡ በኋላ መሆን አለበት። እኔ በመጨረሻ መምጣት ያለበትን በመጀመሪያ አመጣሁት።

ለሌላ ዓይነት ጠባይም በአጭሩ ልናገር። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ጥሩ ሠርቶ ከሃያና ከሠላሳ ደቂቃ በኋላ የሚሞት፣ ከበረደ በኋላ ደግሞ የሚነሳ ከሆነ፣ ፍተሻው መደረግ ያለበት እንደጋለ ነው፤ በማግስቱ ጠዋት የሚለካ ጥቅልል ጤነኛ ቁጥር ያሳያል። ከሲዲአይ በፊት የተሠሩና ፑንቲና (እየተከፈተና እየተዘጋ ብልጭታውን የሚያስነሳ የብረት መነካኪያ) ያላቸው ሞተሮች ላይ ደግሞ አብዛኛው ችግር የፑንቲናው ጫፍ መቃጠልና የኮንደንሰሩ መድከም ነው፤ ጫፉን ማጽዳትና ክፍተቱን በመመሪያው መሠረት ማስተካከል ብዙ ጊዜ ይበቃል። ክረምት ላይ ደግሞ ፈጽሞ ብልጭታ የሌለው የጓደኛዬ ሞተር ገጥሞኝ ነበር። ዝናብ ሲያድርበት የማጥፊያው ቁልፍ ውስጥ ውኃ ገብቶ ኃይሉን ወደ ማሳ ያወርደው ነበር። የማጥፊያውን ሽቦ ከሳጥኑ ስንነቅለው ሞተሩ በመጀመሪያው ጉተታ ተነሳ። ይህን ፍተሻ የሚያደርግ ሰው ሞተሩ በቁልፉም ሆነ በነፍስ አድን ገመዱ እንደማይጠፋ አስቀድሞ ይወቅ፤ ቾኩን ዘግቶ ወይም የነዳጅ ቱቦውን ነቅሎ ለማጥፋት ይዘጋጅ፤ ሽቦውን መልሶ ሳያስር ደግሞ ከወደብ አይውጣ። ሞተሩ የሚሞከረው ከውኃ ውጭ ከሆነም በውኃ የተሞላ በርሜል ውስጥ ይሁን፤ ያለ ውኃ ከተነሳ የማቀዝቀዣ ፓምፑ ላስቲክ ወዲያው ይቃጠላል።

አሁን በየሦስት ወሩ ሶኬቱን ነቅዬ፣ ቴስተሩን ሰክቼ፣ እጀታውን ከዝግ እስከ ጫፍ አዞራለሁ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ያን ጊዜ የገዛሁት ሳጥን ጤነኛ መሆኑን ሞተሩ ላይ አስሬ ስላረጋገጥኩ በፕላስቲክ ጠቅልዬ ከሁለት ትርፍ ካንዴላዎችና ከካንዴላ መፍቻው ጋር ጀልባዋ ሳጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።